ፍራክታል መሰል ቅርጾች ላይ የፐርኮሌሽን ደፍን መለካት፦ ከካሬ ወረቀት እስከ ጎንደር የድንጋይ ግድግዳ

ባለ ካሬ ደብተር ላይ ካሬዎቹን በዕጣ እየመረጣችሁ አንድ በአንድ ብታጠቁሩ መጀመሪያ የተበታተኑ ነጠብጣቦች፣ ቀጥሎ ትናንሽ ዘለላዎች፣ ማለትም በጎናቸው የተነካኩ ጥቁር ካሬዎች ታያላችሁ። ጥቁሩ ወደ 59 ከመቶ ሲጠጋ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው የሚደርስ ዘለላ በድንገት ይፈጠራል። ይህ የሙሌት መጠን የፐርኮሌሽን ደፍ ይባላል። ብሮድቤንት እና ሃመርስሊ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1957 በሂሳብ መልክ ካስቀመጡት ወዲህ ለተስተካከሉ መረቦች ደፉ በደንብ ታውቋል፤ ለካሬ መረብ 0.5927፣ ለሦስት ማዕዘን መረብ በትክክል 0.5፣ ለንብ እንጀራ መሰል መረብ 0.697 ነው።

ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ወጣ ገባ የበዛበት፣ ሲቀርቡትም ሲርቁትም ያንኑ የሚመስል ቅርጽ (ፍራክታል) ሲመጣ ግን ከሰንጠረዥ የሚነበብ ቁጥር አይገኝም። መለካት የግድ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ላፕቶፕና ትንሽ የፓይተን ልምድ ላላቸው ሰዎች ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ የሚማር፣ ወይም የከተማዋ የድንጋይ ግንቦች ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊሠራው ይችላል።

ኮድ ከመጻፍ በፊት፦ ስንት ቦታ ቢቆረጥ ይገነጠላል?

ብዙ ሰው የቅርጹን የፍራክታል ልኬት (ቅርጹ ሲተልቅ ካሬዎቹ በምን ፍጥነት እንደሚበዙ የሚናገር ቁጥር) ያሰላና ደፉን ከሱ ለመገመት ይሞክራል። አይሠራም። ደፉን በዋናነት የሚወስነው የቅርጹን አንድ ትልቅ ክፍል ከቀረው ለመገንጠል ስንት ቦታ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ነው። ክፍሉ የቱንም ያህል ቢተልቅ የሚቆረጡት ቦታዎች ቁጥር ከሁለት ወይም ከሦስት የማያልፍ ከሆነ ደፉ 1 ነው፤ ማለትም ጥቂት ቦታ ብቻ ቢጎድል እንኳ ረጅሙ ግንኙነት ይበጠሳል። ቁጥሩ ከክፍሉ ጋር አብሮ እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን ከ1 በታች የሆነ ደፍ መፈለግ ትርጉም ይኖረዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። የሲርፒንስኪ ምንጣፍ (መሃሉ በየደረጃው እየወጣ የሚሄድ ካሬ፣ አሠራሩ ኋላ ይመጣል) ልኬቱ 1.893 ነው። በካሬ መረብ ላይ ልክ በደፉ ላይ የሚፈጠረው ትልቅ ዘለላ ልኬት ደግሞ 91/48፣ ማለትም 1.896 ነው። ሁለቱ በልኬት አይለያዩም ማለት ይቻላል። የምንጣፉ ደፍ ግን ከ1 በታች ሲሆን የዘለላው ደፍ 1 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘለላው ያለው ልክ ደፉ ላይ ስለሆነ ከካሬዎቹ 1 ከመቶ ብቻ በዕጣ ብታነሱ ጠቅላላ ሙሌቱ 0.5927 × 0.99 ይሆንና ከደፉ በታች ይወርዳል። ዘለላው በአንዲት ካሬ ብቻ የተያያዙ አንገቶች አሉት፤ ምንጣፉ የሉትም።

ስለዚህ እርሳስ ይዛችሁ ቅርጹ ላይ መቁረጫ መስመሮችን ሳሉ። የጎንደርን ወንዞች፣ የአንገረብን ወይም የቀሃን ገባሮች ካርታ ብትወስዱ አንድ ገባር ከወንዙ ጋር የሚገናኘው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። የዛፍ ቅርጽ ነውና ደፉ 1 ነው፣ ሲሙሌሽን አያስፈልገውም። የአራዳና የፒያሳ መንገዶች ካርታ ግን ዙሪያ መንገድ አለው፤ እሱ መለካት ይገባዋል።

በካልኩሌተር የሚሠራ ፈተና፦ የሲርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ኋላ ኮምፒውተሩ ሊያታልላችሁ ሲሞክር የምትይዙት መሣሪያ እዚህ ነው። ሦስት ማዕዘኑ በየትውልዱ የሚሠራው ሦስት ትናንሽ ቅጂዎችን ጫፍ ለጫፍ በማገናኘት ነው። ሁለት መጠኖች ያዙ፦ «ሀ» ሦስቱም ጫፎች እርስ በርስ የመገናኘታቸው ዕድል፣ «ለ» ሁለት የተወሰኑ ጫፎች የመገናኘታቸው ዕድል ይሁን። ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚወስዱት ቀመሮች እነዚህ ናቸው፦

አዲሱ ለ = ለ² + ለ³ − ሀ²ለ
አዲሱ ሀ = ሀ³ + 6ሀ²(ለ − ሀ) + 3ሀ(ለ − ሀ)²

የመጀመሪያው ቀመር ከየት እንደመጣ በሥዕል ይታያል። ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ጫፍ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ፤ በታች በኩል ሁለት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖችን ማቋረጥ (ለ²)፣ ወይም በላይ በኩል ዞሮ ሦስቱንም ማቋረጥ (ለ³)። ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት ሁኔታ ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ አንድ ጊዜ ይቀነሳል።

እዚህ የሚሞላው ካሬ ሳይሆን የትንሹ ሦስት ማዕዘን ጎን ነው፤ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መስመር በ0.7 ዕድል ክፍት ነው እንበል። ለአንድ ሦስት ማዕዘን ለ = 0.7 + 0.3 × 0.49 = 0.847፣ ሀ = 0.343 + 3 × 0.49 × 0.3 = 0.784 ይሆናል። ቀመሮቹን ስትደጋግሙ ለ በተከታታይ 0.804፣ 0.747፣ 0.661፣ 0.532፣ 0.353፣ 0.152 ይወጣል። ስድስት ትውልድ ማለት ጎኑ 64 መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ነው፤ ግንኙነቱ እዚያው ላይ ሊጠፋ ተቃርቧል።

አሁን በ0.9 ጀምሩ። ለ ከ0.981 ወደ 0.980፣ 0.979፣ 0.978 ይሄዳል። የሚወርድ እንኳ አይመስልም። አንድ ሰው እስከ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ትውልድ ብቻ ሲሙሌሽን ሠርቶ «በ0.7 አያልፍም፣ በ0.9 ያልፋል፤ ደፉ መሃል ላይ ነው» ቢል ሥዕሉ የሚያሳየውን በትክክል ተናግሯል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው። ውድቀቱ ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል፤ በማንኛውም ከ1 በታች በሆነ ዕድል መጨረሻው ዜሮ ነው። ወጣ ገባ ቅርጾች ላይ ለሚወጡ የተሳሳቱ ደፎች ትልቁ ምንጭ ይኸው ነው። ያያችሁት «ደፍ» ቅርጹ በተለቀ ቁጥር ወደ 1 እየሸሸ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቁጥር አትጻፉ።

የሚያስፈልገው

ፓይተን፣ ነምፓይ እና ሥዕል ለማውጣት ማትፕሎትሊብ። ነምባ ካለ ሥራው በእጅጉ ይፈጥናል፤ ከሌለም ይቻላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። የመረጃው መጠን ትንሽ ነው፤ 729 በ729 ካሬ ሰንጠረዥ በ32 ቢት ቁጥር ሲቀመጥ 2 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል። ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አስቀድሞ ይጫን፣ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ አያስፈልግም።

መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስባችሁ ኮዱን ጻፉት። በየ100 ሙከራው ውጤቱ ከዕጣ ማስጀመሪያ ቁጥሩ ጋር ፋይል ላይ ይጻፍ። መብራት ሲመለስ ከቆመበት ትቀጥላላችሁ። ማስጀመሪያ ቁጥሩን ሳትቀይሩ እንደገና ብታስነሱ ግን ያንኑ ዕጣ ደግማችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ስህተታችሁ በሐሰት ትንሽ ይመስላል።

ዋናው አሠራር

በየሙሌቱ አዲስ ሥዕል ከመፍጠር ይልቅ ኒውማን እና ዚፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት መንገድ ይሻላል፤ ካሬዎቹን አንድ በአንድ እየጨመሩ ግንኙነቱ የተፈጠረበትን ቅጽበት መመዝገብ ነው።

1. ቅርጹን የ0 እና የ1 ሰንጠረዥ አድርጉት። 1 የተፈቀደ ካሬ ነው፤ 0 ቀዳዳ ነው፣ መቼም አይሞላም።
2. የተፈቀዱትን ካሬዎች ብቻ ዘርዝሩና ዝርዝሩን በዕጣ በውዙ።
3. ሁለት ምናባዊ ካሬዎች ጨምሩ፤ አንዱ «ላይ»፣ ሌላው «ታች»።
4. ከዝርዝሩ አንድ ካሬ ሙሉ። ከአራቱ ጎረቤቶቹ የተሞላ ካለ ሁለቱን ዘለላዎች አዋህዱ። ካሬው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከሆነ ከ«ላይ»፣ የመጨረሻው ላይ ከሆነ ከ«ታች» ጋር አዋህዱት።
5. «ላይ» እና «ታች» አንድ ዘለላ ውስጥ ሲገቡ አቁሙ። እስከዚያ የተሞሉትን ለተፈቀዱት ጠቅላላ ብዛት አካፍሉ። ይህ የአንድ ሙከራ ደፍ ነው።
6. 1000 ጊዜ ድገሙና አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን አውጡ። የአማካዩ ስህተት ልይይቱ ለ1000 ካሬ ሥር፣ ማለትም ለ31.6 ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ለማዋሃድ ዩኒየን ፋይንድ ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱ ካሬ ወደ «አለቃው» የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል፣ ትንሹ ዘለላ ሁልጊዜ ለትልቁ ይገበራል፣ አለቃ ሲፈለግ ደግሞ መንገዱ ያጥራል። አለቃ ፈላጊውን ክፍል ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን አትጻፉት። ትንሹን ለትልቁ ማስገበሩ ከተሳሳተ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ፓይተንም ጥሪው ወደ 1000 ሲደርስ ይቆማል፤ የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ሥዕል ላይ፣ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። በሉፕ ጻፉት።

ኮዱን በሚታወቅ ቁጥር መፈተን

መጀመሪያ ቀዳዳ የሌለው 128 በ128 ካሬ አስገቡ። አማካዩ 0.593 አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ የወጣው ቁጥር ራሱ ጥፋቱን ይናገራል።

0.407 አካባቢ ከሆነ የማዕዘን ጎረቤቶችንም ቆጥራችኋል፤ አራት ሳይሆን ስምንት ጎረቤት ማለት ነው። 0.5 ከሆነ ወይ ካሬዎችን ሳይሆን በመካከላቸው ያሉ መስመሮችን እየሞላችሁ ነው፣ ወይም በማውጫ ስህተት አንድ የማዕዘን ጎረቤት ገብቶ መረቡን ሦስት ማዕዘን አድርጎታል። ከሁሉ ተንኮለኛው ግን ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር የሚሰጠው ነው። ካሬዎቹን በአንድ ረጅም መስመር ከቆጠራችኋቸው የግራ ጠርዝ ካሬ «ካሬ ሲቀነስ አንድ» ያለፈው ረድፍ የቀኝ ጠርዝ ይሆናል። ሥዕሉ እንደ ጥቅል ይዞራል፣ አማካዩም ብዙ ስለማይለወጥ አታስተውሉትም። ለመያዝ 3 በ3 ሥዕል ላይ የእያንዳንዱን ካሬ ጎረቤቶች አትሙና በዓይናችሁ ቁጠሩ፤ ማዕዘኖቹ 2፣ የጠርዝ መሃሎቹ 3፣ መሃሉ 4 ሊኖራቸው ይገባል።

ቀጥሎ ልይይቱን ፈትኑ። በካሬ መረብ ላይ የጎኑ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ልይይቱ በ2 አርቢ 0.75፣ ማለትም በ1.68 ገደማ ይካፈላል። በ64፣ በ128 እና በ256 ሞክሩ። ጥምርታው 1.68 አካባቢ ካልመጣ ወደ ፍራክታሉ አትለፉ።

ምንጣፉ

የሲርፒንስኪ ምንጣፍ አሠራሩ ቀላል ነው። ካሬውን ለ9 ክፈሉ፣ መሃሉን አውጡ፣ በቀሩት 8 ላይ ድገሙ። በኮድ ለመሥራት የእያንዳንዱን ካሬ ረድፍና ዓምድ ከ0 ጀምራችሁ በሦስት መሠረት ጻፉ፤ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ሁለቱም 1 ካላቸው ካሬው ቀዳዳ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ጎኑ 729 ሲሆን የተፈቀዱት ካሬዎች 262,144 ናቸው። የእናንተ ሰንጠረዥ ድምር ልክ ይህን ቁጥር ካልሰጠ ጥፋቱን ፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አካፋዩ ላይ ነው። የተሞሉትን ለ262,144 እንጂ ለ531,441 አታካፍሉ። በሁለተኛው ካካፈላችሁ ውጤቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። መፈተኛው ይህ ነው፦ ምንጣፉ የካሬው መረብ ቁራጭ ስለሆነ እውነተኛ ደፉ ከ0.593 በታች ሊሆን ከቶ አይችልም። መንገድ የተወሰደበት ቅርጽ ከሙሉው ቀሎ አይሻገርም።

ትውልድ 3፣ 4፣ 5 እና 6ን ለየብቻ ለኩ። ለካሬ መረብ የሚሠራውን 0.75 አርቢ እዚህ አታስገቡ፤ ፍራክታሉ የራሱ አርቢ አለው። እሱን ሳታውቁም የሚሠራ መንገድ አለ፦ አማካዩን በቁም፣ ልይይቱን በአግድም ሳሉ፣ አራቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር አገናኙና ልይይቱ ዜሮ እስከሚሆንበት አስረዝሙት። መስመሩ የቆሙን መስመር የሚነካበት ቦታ ወሰን ለሌለው ምንጣፍ የተገመተው ደፍ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ከመስመሩ ካፈነገጠ ጣሉት፣ ትንሽ ነውና። ስድስተኛው ካፈነገጠ ግን ሙከራ ጨምሩ። ነጥቦቹ ቀጥ ማለታቸውን ትተው ወደ 1 የሚታጠፉ ከሆነ የሦስት ማዕዘኑ ወጥመድ ውስጥ ናችሁ፤ ወደ መቁረጫው ቆጠራ ተመለሱ።

እውነተኛ ወጣ ገባ፦ በኖራ የተያያዘ ግድግዳ

አፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩ ወዲህ የተገነቡት የጎንደር ግንቦች ባልተጠረበ ጥቁር ድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። ድንጋዮቹ ትልቅም ትንሽም ናቸው፤ በትልልቆቹ መሃል የተሰገሰጉ ኮረቶች አሉ፣ በኮረቶቹም መሃል ኖራ ይገባል። የኖራው መረብ ለፐርኮሌሽን ሥራ የሚመች ፍራክታል መሰል ነገር ነው። ጥያቄውም እውነተኛ ነው፦ ከኖራው ስንት እጁ ቢታጠብ ውሃ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሄድበት ያልተቋረጠ መንገድ ያገኛል? እዚህ የተፈቀደው ካሬ ኖራ ነው፤ ካሬ «ተሞላ» ማለት ኖራው ታጠበ ማለት ነው።

ሥራው በፎቶ ብቻ ነው። ግድግዳውን መፋቅ፣ ናሙና መውሰድ፣ ምልክት መለጠፍ የለም። የሜትር መለኪያውን አጠገቡ ያዙት እንጂ አታስደግፉት። ስልኩን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ቦታ አንሱ። ደመና ያለበት ቀን ይመረጣል፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በድንጋዮቹ ጥግ ጥላ ጥሎ ኖራውን ያጠቁረዋል። ክረምት ላይ እርጥብ ግድግዳ አታንሱ፣ የረጠበ ኖራና ድንጋይ ቀለማቸው ይቀራረባል።

ፎቶውን ወደ ግራጫ ቀይሩና በኦትሱ ዘዴ (የነጭና የጥቁር ድንበሩን ከራሱ ከሥዕሉ የሚያወጣ ስሌት) ነጩን ከጥቁሩ ለዩ። ከዚያ በዓይን አርሙት። የድንጋይ ሽበት የበቀለበት ኖራ ጥቁር ይሆናል፣ ፈዘዝ ያለ ድንጋይ ነጭ ይሆናል፣ በኋላ ዘመን በሲሚንቶ የተደፈነ ቦታ ካለ ኖራ ይመስላል። ነጠብጣብ ማጽጃ ማጣሪያ ከተጠቀማችሁ ቀጫጭን መጋጠሚያዎችን ስለሚደፍን ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ሥዕል ጎን ለጎን አስተያዩ።

አሁን ወሳኙ ምርጫ ይመጣል፤ አንድ ካሬ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ይህን ካሜራው እንዲወስንላችሁ አትፍቀዱ። 40 ካሬ የሚረዝም፣ ወርዱ ግን አንድ ካሬ የሆነ መጋጠሚያ በ0.9 ሙሌት እስከ ጫፍ የመሻገር ዕድሉ 0.9 አርቢ 40፣ ማለትም 1.5 ከመቶ ገደማ ነው። ያንኑ መጋጠሚያ በጥራት አንስታችሁ ወርዱን 12 ፒክሰል ብታደርጉት በ0.9 ያለ ችግር ይሻገራል። ግድግዳው አንድ ነው፣ መልሱ ሁለት ሆነ። ስለዚህ የካሬው መጠን ኖራው በእውነት ከሚረግፍበት ፍርፋሪ መጠን ይወሰድ። ፍርፋሪው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከሆነ ሥዕሉን ወደ 200 በ200 ካሬ አሳንሱት። ስታሳንሱ ግማሽ በላይ ኖራ የሆነውን ካሬ «ኖራ» በሉት፤ ከግማሽ ካሬ የቀጠኑ መጋጠሚያዎች በዚህ ሕግ ስለሚጠፉ እነሱን በእጅ መልሳችሁ ሳሏቸው።

ከመለካት በፊት ሁሉም የኖራ ካሬ ሲሞላ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መድረሱን አረጋግጡ። ካልደረሰ ሥዕሉ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። የተገነጠሉ የኖራ ደሴቶችን አውጡና ትልቁን ዘለላ ብቻ አስቀሩ፤ አካፋዩም የሱ ካሬዎች ብዛት ይሁን።

ግድግዳ ትውልድ የለውም። በምትኩ ከብዙ ፎቶዎች 50 በ50፣ 100 በ100 እና 200 በ200 ቁራጮች ውሰዱ፣ በየመጠኑ አማካዩንና ልይይቱን አውጡና የምንጣፉን የመስመር ዘዴ ተጠቀሙ። ቁራጮቹ አይደራረቡ፤ ከተደራረቡ ልይይቱ በሐሰት ይጠባል። ከላይ ወደ ታች እና ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን ለየብቻ ዘግቡ፣ የሁለቱን አማካይ አታውጡ። ድንጋይ ሲነጠፍ በወርዱ ይተኛል፣ የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን መጋጠሚያ ይሸፍናል፤ ስለዚህ አግድሙ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆሙ በየደረጃው ይሰበራል። የቆሙ ደፍ ከአግድሙ አንሶ ከመጣ ፎቶው ዞሮ እንደሆነ፣ ወይም ሰንጠረዡ ረድፍና ዓምድ ተለዋውጦ እንደሆነ ተመልከቱ።

የምታገኙት ቁጥር የግድግዳው ፊት ደፍ ነው። ግድግዳው ግን ውፍረት አለው፣ ፊት ላይ የተዘጋ መንገድ በውስጥ ዞሮ ሊወጣ ይችላል። በካሬ መረብ 0.5927 የነበረው በሦስት አቅጣጫ ኩብ መረብ 0.3116 ላይ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከፍተኛው ወሰን ብላችሁ ጻፉት፤ ውሃው በውፍረቱ ውስጥ መንገዱን የሚያገኘው ከዚያ ቀድሞ ነው። ከአጠገቡም የካሬውን መጠን በሴንቲሜትር፣ የጎረቤቶቹን ቁጥር፣ አቅጣጫውን፣ የቁራጮቹን ብዛትና የአማካዩን ስህተት አስፍሩ።